«4ኬ ካልሆነ ቪዲዮ አይባልም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከኮምቦልቻ እስከ ወልድያ ባሉ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጺዎችና ኤዲተሮች የቴሌግራም ግሩፖች «4ኬ ካልሆነ ቪዲዮ አይባልም» የሚል ጽሑፍ ሲቀባበሉት ሰንብተዋል። ደንበኛ ፍላሹን ይዞ ተመልሶ «ፊታችን ለምን ተሰባበረ?» ሲል ባለሙያው መልስ እንዳያጣ ታስቦ የተጻፈ ነው፤ ሐሳቡ መልካም ነው። ምክሮቹ ግን አብዛኞቹ የሚያመጡት የታሰበውን ተቃራኒ ነው። ሰርግ ደግሞ ተመልሶ አይቀረጽም። ስለዚህ ጽሑፉን ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም።

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ጥራት ማለት የፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የተሠራባቸው ነጥቦች፣ ብዛት ስለሆነ ቀረጻውም ለደንበኛ የሚሰጠውም ሁልጊዜ 4ኬ (3840 በ2160 ፒክስል) ይሁን። ፋይሉ በገዘፈ ቁጥር ምስሉ ይጠራል፤ ስለዚህ ከ50 ሜጋቢት በሴኮንድ በታች ሬንደር አይደረግ፣ ማለትም ተሠርቶ እንደ ፋይል አይውጣ። ጥራቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል እንዲሆን ቢትሬቱ (በሴኮንድ የሚሰጠው የቢት መጠን) ቋሚ፣ ማለትም ሲቢአር፣ ይሁን። ኤች.265 የተባለው የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ ፋይሉን በግማሽ የሚቀንሰው ጥራቱን በግማሽ ቀንሶ ስለሆነ ይቅር። የተበላሸ ክሊፕ በ4ኬና በትልቅ ቢትሬት እንደገና ሬንደር ቢደረግ ይስተካከላል። ዩቲዩብና ቴሌግራም ሁሉንም እኩል ስለሚያበላሹ ለእነሱ መጨነቅ ድካም ነው። በመጨረሻም በዲሽ የምናያቸው ጣቢያዎች ምስል የሚደበዝዘው ዲሹ በትክክል ስላልተተከለ ነው ይላሉ።

መልሱ ሁሉ የሚያርፈው አንድ ስሌት ላይ ስለሆነ እሱን እናስቀድም። 1080ፒ (1920 በ1080 ፒክስል) ቪዲዮ በሴኮንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ በተለመደው 8 ቢት ቀለም፣ ምንም ሳይጨመቅ በሴኮንድ 622 ሜጋቢት ያህል ይወስዳል። ደንበኛ እጅ የሚገባው ፋይል ግን ብዙ ጊዜ 8 ሜጋቢት አካባቢ ነው። ከ78 አንዱ ተርፎ ሌላው ተጥሏል ማለት ነው። ኢንኮደሩ (ቪዲዮውን የሚጨምቀው ፕሮግራም) ይህን የሚያደርገው ካለፈው ፍሬም ያልተለወጠውን እንደገና ባለመጻፍ ነው፤ የተለወጠውን ደግሞ በትናንሽ ካሬዎች ከፍሎ ዓይን አያየውም ያለውን ጥቃቅን ልዩነት ይጥላል። እንግዲህ ምስሉ የሚያምረው ወይም የሚሰባበረው የተሰጠው ቢት ለትዕይንቱ ስለበቃ ወይም ስላልበቃ ነው። የጽሑፉ ስህተቶች በሙሉ የሚመጡት ይህን በመርሳት ነው።

መጀመሪያ 4ኬ። 4ኬ 8.3 ሚሊዮን ያህል ፒክስል አለው፣ 1080ፒ ደግሞ 2.1 ሚሊዮን ያህል፤ አራት እጥፍ መሆኑ አያከራክርም። ግን እንደ ጸሐፊው ምክር በ50 ሜጋቢት የወጣ ቪዲዮ በሰዓት 22.5 ጊጋባይት ነው። የሦስት ሰዓት ሰርግ 67.5 ጊጋባይት ይሆንና 64 ጊጋ ፍላሽ አይችለውም። ኤዲተሩ ያን ጊዜ ምን ያደርጋል? 4ኬነቱን ሳይነካ ቢትሬቱን ወደ 10 ያወርደዋል። በ10 ሜጋቢት የወጣ 4ኬ ለእያንዳንዱ ፒክስል የሚደርሰው ቢት በ10 ሜጋቢት ከወጣው 1080ፒ ሩብ ነው። ሙሽሪት ዞር ስትል ፊቷ ሰም የተቀባ ይመስላል፣ የቀሚሷ ጥለት ይጠፋል፣ ከኋላዋ ያለው ሣር አረንጓዴ ጭቃ ይሆናል። በወረቀት ላይ 4ኬ ነው፣ ዓይን ላይ ግን ከ1080ፒው ያንሳል።

የሚታይበትንም ማሰብ ያስፈልጋል። ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥን ስፋቱ 95 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ የ1080ፒ አንዱ ፒክስል ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጤናማ ዓይን ይህን ለይቶ የሚያየው እስከ 1 ሜትር ከ70 ድረስ ነው። ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ሁለት ሜትር ተኩል ርቆ የተቀመጠ ቤተሰብ የ4ኬን ተጨማሪ ፒክስል አያየውም፤ የተሰባበረ ካሬ ግን ከዚያም ርቀት ቁልጭ ብሎ ይታየዋል።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ትክክል የሆኑበት ነገር አለ፤ ምክንያቱን ግን አልጻፉትም። በ4ኬ ቀርጾ በ1080ፒ ማስረከብ በእርግጥ ይጠቅማል። አብዛኞቹ ካሜራዎች ብርሃኑን ለእያንዳንዱ ፒክስል ሲያስቀምጡ ቀለሙን የሚያስቀምጡት ለአራት ፒክስል አንድ ብቻ ነው፤ 4፡2፡0 የሚባለው ይህ ነው። በ1080ፒ የተቀረጸ ምስል የቀለም ዝርዝሩ እንግዲህ 960 በ540 ብቻ ነው። በሐበሻ ቀሚስ ጥበብ ላይ ቀዩና አረንጓዴው ክር ድንበሩን አልፎ ነጩ ላይ የሚፈሰውም ከዚህ የተነሳ ነው። 4ኬው ወደ 1080ፒ ሲወርድ ለእያንዳንዱ ፒክስል የራሱ ቀለም ይደርሰዋል። በዚያ ላይ አራት ፒክስል ወደ አንድ ሲጠቃለል በዘፈቀደ የሚመጣው ነጠብጣብ በግማሽ ይቀንሳል። ሲያስረክቡ ግን ፋይሉ 4፡2፡0 ስለሚሆን ቀይ ጽሑፍ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ላይ አይጻፍ፤ ነጭ ፊደል በቀጭን ጥቁር ጠርዝ ይሻላል።

«ፋይሉ በገዘፈ ቁጥር» የሚለውን ለማፍረስ አንድ ምሳሌ ይበቃል። በ8 ሜጋቢት የተሠራ የአንድ ሰዓት ዲቪዲና በ8 ሜጋቢት ከኤች.265 በቀደመው መጭመቂያ በኤች.264 የተሠራ የአንድ ሰዓት 1080ፒ ቪዲዮ ሁለቱም 3.6 ጊጋባይት ናቸው። ዲቪዲው 720 በ576 ነው፤ ሌላው አምስት እጥፍ ፒክስል ይዟል፣ የተሻለም ይታያል። ግዝፈት ብቻውን ስለ ጥራት አይናገርም። የሚናገረው በምን ኮዴክ (የመጭመቂያ ዘዴ)፣ ለስንት ፒክስል፣ ለምን ዓይነት ትዕይንት እንደተሰጠ ሲታወቅ ነው።

ለምን ዓይነት ትዕይንት የሚለው ዋናው ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። የሐይቅ እስጢፋኖስን በር በትራይፖድ ብትቀርጹት ድንጋዩም እንጨቱም አይንቀሳቀስም፤ ኢንኮደሩ አንዴ ጽፎ «እንዳለ ነው» እያለ ይቀጥላል፤ 2 ወይም 3 ሜጋቢት ይበቃዋል። ካሜራውን ከዚያው ቦታ ወደ ሐይቁ አዙሩት። ነፋስ የነካው ውኃ ገጽ በየፍሬሙ አዲስ ነው፤ ካለፈው የሚቀዳ ነገር የለም፤ ያው ቢትሬት ውኃውን ወደ ካሬ ካሬ ይለውጠዋል። ላሊበላ ላይ በገና ጠዋት በቤተ ማርያም ዙሪያ በአለቱ ጠርዝ ቆመው ቤዛ ኩሉ የሚያሸበሽቡት ካህናት ሲቀረጹም እንዲሁ ነው፦ በመቶ የሚቆጠር ነጭ ልብስ፣ ሁሉም በትንሽ በትንሹ እየተወዛወዘ፣ ከበስተኋላ ሸካራ ድንጋይ። እንዲህ ያለውን በ8 ሜጋቢት ማውጣት ፊቶቹን ማጥፋት ነው፤ 20ም ላይበዛበት ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ቢት በሊታ ግን እንቅስቃሴ አይደለም፤ ነጠብጣብ ነው። በማታ ድንኳን ውስጥ በሁለት አምፖል ብርሃን፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 6400 ተደርጎ የተቀረጸ ምስል ላይ ያለው ነጠብጣብ (ኖይዝ) በየፍሬሙ ቦታውን ይቀያይራል። ኢንኮደሩ ኖይዙን ከሰው ፊት አይለይም፤ ሁለቱም ለእሱ «የተለወጠ ነገር» ናቸው። ቢቱን ለኖይዙ ያካፍልና ፊቱ ይጎድልበታል። ደንበኛው «ተሰባበረ» የሚለው ቪዲዮ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ መድኃኒቱም ቢትሬት መጨመር አይደለም። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

በመጀመሪያ ብርሃን። በሽፋን የለዘበ አንድ ደህና የኤልኢዲ ፓኔል ፊት ላይ የሚያርፈውን ብርሃን በአራት እጥፍ ካሳደገው አይኤስኦው ከ6400 ወደ 1600 ይወርዳል። ሌንሱ ከፈቀደ ቀዳዳው ሰፋ ብሎ ኤፍ 1.8 እስከ 2.8። ሹተሩ (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) ለ25 ፍሬም 1/50 ሴኮንድ። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በ1/60 ሲቀረጽ አንዳንድ ኤልኢዲ መብራቶች ምስሉ ላይ የሚወርድ ጥላ ያመጣሉ፤ ያም በየፍሬሙ ብርሃኑን ስለሚቀያይር ራሱን የቻለ ቢት በሊታ ነው። የካሜራው ሻርፕነስ ዝቅ ይበል፤ ካሜራው የሚያሾለው ኖይዙንም ጭምር ነውና። ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረ ነጠብጣብ ካለ በኤዲቲንጉ ከቀለም ሥራውና ከሻርፕነስ በፊት በልኩ ይቀነስ። ከመጠን ካለፈ ቆዳው ፕላስቲክ ይሆናል።

የደሴ ጭጋግ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ጦሳ ተራራ ላይ ሙሽሮችን አቁሞ የተቀረጸ ምስል ከበስተኋላ ከነጭ ወደ ግራጫ ቀስ ብሎ የሚያልፍ ጭጋግ አለው እንበል። በ8 ቢት ቪዲዮ የብርሃን ደረጃው ከ16 እስከ 235 ነው። ጭጋጉ ከ180 እስከ 190 ብቻ ከሆነ ለሺህ ፒክስል ስፋት ያሉት እርከኖች አሥር ናቸው፤ እያንዳንዱ መቶ ፒክስል ይሰፋል። ኢንኮደሩ ደግሞ ልዩነቷ ትንሽ ናት ብሎ ሁለት ሦስቱን እርከን አንድ ያደርጋቸዋል፤ ሰማዩ ላይ እንደ ካርታ መስመር የሚታየው ይህ ነው። እዚህ ላይ 50 ሜጋቢትም አያድንም፤ እርከኑ ሲቀረጽ ጀምሮ የለምና። ካሜራው ከፈቀደ በ10 ቢት መቅረጽ ነው፤ ደረጃዎቹ አራት እጥፍ ይሆናሉ። ወደ 8 ቢት ሲወርድ ደግሞ ጭጋጉ ላይ ደቃቅ ግሬይን (ሆን ተብሎ የሚጨመር ነጠብጣብ) ጣል ማድረግ እርከኑን ይሰብረዋል። ኖይዝን አጥፉ ካልን በኋላ ግሬይን ጨምሩ ማለት የሚጋጭ ሊመስል ይችላል። ልዩነቱ መጠኑና ቦታው በእናንተ ቁጥጥር ሥር መሆኑ ነው፤ ቢቱ ካልበቃው ግን እሱም ይጠፋል።

ኬክ ሲቆረጥ የፎቶ አንሺው ፍላሽ ቦግ ሲል ለአንድና ሁለት ፍሬም ምስሉ ካሬ በካሬ የሚሆነውም ከዚሁ ነው፤ ያ ፍሬም ካለፈውም ከሚመጣውም ጋር አይመሳሰልም። የጭስ ማሽንና የሚበተን ብልጭልጭ ወረቀትም በዚህ መዝገብ የሚገቡ ናቸው። በእነዚህ ሰዓታት ነው የሲቢአር ምክር የሚጎዳው።

የሲቢአር ስህተት የአመክንዮ ነው። ቋሚ የሚሆነው ቢቱ እንጂ ጥራቱ አይደለም። ኒካህ ሲታሰር ሽማግሌዎቹ በተቀመጡበት፣ ካሜራው በቆመበት፣ 12 ሜጋቢት ተሰጥቶ አብዛኛው ይባክናል። ማታ ጭፈራው ደምቆ ሃምሳ ሰው ትከሻውን ሲነቀንቅ ያው 12 ይሰጠዋል፣ አይበቃውም። እኩል ጥራት የፈለገ ሰው ቢቱ እንዲዋዥቅ መፍቀድ አለበት። በኤዲቲንግ ፕሮግራሙ በፕሪሚየር ቪቢአር (የሚዋዥቅ ቢትሬት) 2 ፓስ (ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ የሚያልፍበት)፣ ታርጌት 12፣ ማክሲመም 24 ለ1080ፒ ሰርግ ደህና መነሻ ነው። በመጭመቂያው ፕሮግራም በሀንድብሬክ ደግሞ ቢትሬት ከመስጠት ይልቅ ጥራቱን መስጠት ይቻላል፤ ለኤች.264 አርኤፍ (የጥራት ቁጥሩ፣ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል) ከ18 እስከ 20፣ ፕሪሴቱ ስሎው። ቁጥሩ በ6 ሲጨምር ፋይሉ በግምት ግማሽ ይሆናል። ሲቢአር ቦታው የቀጥታ ስርጭት ነው፤ መስመሩ ራሱ የተወሰነ ስለሆነ።

ኤች.265ን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ደረጃው የወጣው በ2013 ሲሆን፣ ኤች.264 በ16 በ16 ካሬ ሲሠራ እሱ እስከ 64 በ64 ድረስ ይሄዳል፤ እንደ ጭጋግና ግድግዳ ያለውን ሰፊ ወጥ ቦታ በጥቂት ቢት ይጽፈዋል። ፋይሉ የሚያንሰው ግምቱ የተሻለ ስለሆነ ነው። ጸሐፊው «ለደንበኛ አትስጡ» ያሉት ግን በሌላ ምክንያት ትክክል ነው፤ የቆየ ቴሌቪዥን አይከፍተውም። ለፍላሽ ኤች.264 ሃይ ፕሮፋይል፣ ሌቭል 4.1 ይሁን። የፍላሹ ፎርማት ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ በ8 ሜጋቢት ይህ 70 ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ ሰርጉ በክፍል በክፍል ይውጣ።

የተበላሸ ክሊፕን እንደገና ሬንደር በማድረግ ማስተካከል የሚለው ከምክሮቹ ሁሉ የሚጎዳው ነው። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፤ ኢንኮደሩ የጣለው ዝርዝር ፋይሉ ውስጥ የለም። ከዚህም ይብሳል፦ ሁለተኛው ኢንኮደር የመጀመሪያው የተወውን የካሬ ጠርዝ እንደ እውነተኛ ምስል ቆጥሮ ለመጠበቅ ቢት ያወጣበታል። በ4ኬ ሲለጠጥ ጠርዙም አብሮ ይለጠጣል። ቀለል ያለ የዲብሎክ ማጣሪያ ካሬውን ያለሰልሰዋል፤ ይህን ያህል እውነት ነው። በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚያጠሩ ፕሮግራሞችም ጥርት ያለ ፊት ያወጣሉ፤ የሚያወጡት ግን የገመቱትን ፊት ነው። ዛሬ በሕይወት የሌሉ አያት በዚያ ሰርግ ላይ ብቻ ተቀርጸው ከሆነ ቤተሰቡ የማሽን ግምት ሳይሆን የደበዘዘውን እውነተኛ ፊት የማግኘት መብት አለው፤ ቢያንስ ሁለቱም ይሰጠው።

ብልሽቱ የሚጠራቀመው በመንገድ ላይ ነው። እንግዳ በስልኩ የቀረጸውን በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ይልካል፤ አንድ ጭመቃ። ኤዲተሩ ያወጣዋል፤ ሁለት። ሎጎ ረስቶ ኖሮ ከወጣው ላይ ጨምሮ እንደገና ያወጣዋል፤ ሦስት። ደንበኛው በዋትስአፕ ያጋራዋል፤ አራት። የመጀመሪያው የሚቀረው ክሊፑ «እንደ ፋይል» ሲላክ ነው፤ እስከ 2 ጊጋባይት ሳይነካ ያልፋል። ሦስተኛው የሚቀረው ሁልጊዜ ከፕሮጀክቱ እንጂ ከወጣው ፋይል ባለመሥራት ነው። መቁረጥ ብቻ ከሆነ የተፈለገው፣ እንደ ሎስለስከት ያለ ፕሮግራም ምስሉን እንደገና ሳይጨምቅ ይቆርጣል፤ መቁረጫው ቁልፍ ፍሬም (ከሌሎች ሳይቀዳ ሙሉ የተጻፈ ፍሬም) ላይ ስለሚያርፍ ከታሰበው ትንሽ ቀደም ብሎ ሊጀምር ይችላል። የጸሐፊው 50 ሜጋቢት ተገቢ ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ነው፤ በስቱዲዮው ሃርድ ዲስክ ላይ ለሚቀመጠው ዋና ቅጂ። ቦታ ያለው ፕሮሬስ 422 በተባለው የኤዲቲንግ ኮዴክ ቢያስቀምጥ ይበልጥ ይሻላል፤ በ1080ፒ 25 ፍሬም 122 ሜጋቢት ነው፣ በሰዓት 55 ጊጋባይት ያህል።

«ዩቲዩብ ለማንኛውም ያበላሸዋል» የሚለው ሐሳብ መነሻው ልክ፣ መደምደሚያው ግን የተገለበጠ ነው። ዩቲዩብ የተጫነውን ሁሉ እንደገና መጨመቁ እውነት ነው። በትክክል በዚህ ምክንያት ነው ከጭመቃ ጠባሳ የጸዳ ፋይል የሚላክለት። ራሱ የሚመክረው ለ1080ፒ በ25 ወይም 30 ፍሬም 8 ሜጋቢት፣ በ50 ወይም 60 ፍሬም 12 ነው። ጭፈራ የበዛበት ከሆነ ከዚያ ከፍ ማድረግ አይጎዳም። 4ኬን ለሚወዱ ደግሞ አንድ የሚያስደስት ነገር፦ 1080ፒውን ወደ 1440ፒ አሳድጎ በ16 ሜጋቢት ወይም ከዚያ በላይ መጫን ብዙ ጊዜ ይረዳል። ዝርዝር ስለጨመረ አይደለም፤ ዩቲዩብ ለትልልቁ ምስል ቪፒ9 የተባለውን የተሻለ ኮዴክና ሰፋ ያለ ቢት ስለሚሰጥ ነው። የአምስት ደቂቃ ክሊፕ በ16 ሜጋቢት 600 ሜጋባይት ስለሚሆን የኢንተርኔት ወጪው አብሮ ይታሰብ።

ስለ ዲሹ። ዲጂታል ምልክት እንደ ድሮው አንቴና እየደበዘዘ አይሄድም፤ ወይ ሙሉ ይደርሳል ወይ ይቆራረጣል። ኢትዮሳት የሚመጣበት የኬዩ ባንድ ሞገድ በከባድ ዝናብ ይዳከማል፤ ያን ጊዜ ምስሉ ይቆማል፣ ካሬው ይበታተናል፣ ድምፁም ይቆራረጣል። ድምፁ ጥርት ብሎ እያለ ኳስ ሲሮጥ ብቻ ሜዳው የሚደፈርስ ከሆነ ግን ዲሹን ማዞር አያድነውም። ጣቢያዎቹ አንድ ትራንስፖንደር (ሳተላይቱ ላይ ያለ ማስተላለፊያ) ተካፍለው ለዚያ ትዕይንት የደረሰው ቢት አንሷል። ለዚህ ብሎ ጣሪያ ላይ ለወጣ ሰው መክፈል ገንዘብ መጣል ነው።

በዚህ ሁሉ ያልተስማማ ካለ በራሱ ኮምፒውተር ማየት ይችላል። ከአንድ ሰርግ ላይ ከባዱን ሃያ ሴኮንድ ይምረጥ፦ ከጭፈራው፣ ከማታው ድንኳን፣ ከጭጋጉ። እያንዳንዱን በ4ኬ 10 ሜጋቢት፣ በ1080ፒ 10 ሜጋቢት፣ በ1080ፒ አርኤፍ 18ና 20 ያውጣ። የቴሌቪዥኑን የምስል ሁነታ ከቪቪድ ወደ ስታንዳርድ ይመልስ፣ ሻርፕነሱን ይቀንስ፤ ቪቪድ ካሬውን ያጎላዋልና። ከዚያ ከሁለት ሜትር ተኩል ርቆ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ያሳይ። በ18ና በ20 መካከል ልዩነት ካልታየው ለፍላሹ የሚሄደው 20ው ነው።